እህታችን በሌለችበት የሚተመን ግብር

የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም. የሴቶች ቀን በቡታጅራ ሲከበር በማኅበራችን የሂሳብ ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር



ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ስለገጠሙ ቡናውን ትተነዋል። ለማፍጠሪያ ሰዓት ሁላችሁም ቤታችሁ እንድትደርሱ እኛም በጊዜ እንጨርሳለን።

የሂሳብ ኮሚቴው በዚህ ቀን የሚያቀርበው የቁጠባና የብድር ሪፖርት ነበር። ሪፖርቱ ተባዝቶ በእጃችሁ ገብቷል፤ ጥያቄ ያላት ቢሮ ትምጣ፤ መዝገቡን ከፍተን እናሳያታለን። ዛሬ የምንናገረው በዚህ አዳራሽ ስለሌሉ ሴቶች ነው። ጅዳ፣ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችንና ልጆቻችን የሴቶችን ቀን የሰው ቤት ሲጠርጉ ነው የሚውሉት። በቁጠባ መዝገባችን ውስጥ ግን አሉ። እናታቸው በስማቸው ትቆጥባለች። ወንድም ያስተምራሉ፣ አባት ያሳክማሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ግብርም ይከፍላሉ። ስንት እንደሚከፍሉ፣ ለምን እንደሚከፍሉና ማን እንደሚተምንባቸው ግን ብዙዎቹ አያውቁም። የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

አንድ ቤት፣ ሁለት ሂሳብ

የአንዲት አባላችንን ነገር ፈቃዷን ጠይቀን፣ ስሟን ሳንጠራ እንንገራችሁ። ይህች እህታችን ሳዑዲ ዓረቢያ ስምንት ዓመት ሠርታለች። በላከችው ገንዘብ እዚሁ ከተማ ውስጥ ቤት ተሠራ። በአንዱ በኩል እናቷ ይኖሩበታል፤ ሌላው በወር 6,000 ብር ይከራያል። እናቷ የሚጦሩት፣ ታናሽ ወንድሟም የሚማረው በዚያ ኪራይ ነው። ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ስትመጣ ቤቱን አስይዛ ልትበደር፣ የእህል ወፍጮ ልታቆም፣ ከዚያ ወዲያም ላትመለስ ቆርጣ ነበር። ለብድሩ የግብር ክሊራንስ አምጪ ተባለች። ክሊራንሱን ልትጠይቅ ስትሄድ የአራት ዓመት የኪራይ ግብር ዕዳ፣ ቅጣትና ወለዱ ተቆልሎ ጠበቃት።

ወረቀቶቹን ሰብስበን ስናጣራ ነገሩ እንዲህ ነበር። የተመኑት ሰዎች የኪራይ ውሉን አልተቀበሉትም። በአካባቢው ያሉትን ቤቶች አይተው ይህ ቤት በወር 12,000 ብር ያወጣል ብለው ገመቱ። የውሳኔውን ማስታወቂያ የሰጡት ለተከራዩ ነው። ተከራዩ ወረቀቱን ለማንም ሳይሰጥ ቤቱን ለቆ ሄደ። እናቷ በአንድ ግቢ እየኖሩ አልሰሙም። በዚያው ግምት ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመትም ተተመነ።

ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አብረን እናስላ። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት የሂሳብ መዝገብ የማይዝ አከራይ ከጠቅላላው ኪራይ ግማሹ ለጥገናና ለመሰል ወጪ ተብሎ ይቀነስለት ነበር። ግብሩ የሚሰላው በቀረው ግማሽ ላይ ነበር። በወር 6,000 ብር ማለት በዓመት 72,000 ብር ነው። ግማሹ 36,000 ብር ይሆናል። በዚያን ጊዜ ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው 7,200 ብር ግብር አልነበረበትም። ከዚያ በላይ እስከ 19,800 ብር ባለው 10 በመቶ፣ ከ19,800 በላይ ባለው 15 በመቶ ይከፈል ነበር። ስንደምረው የዓመቱ ግብር 3,690 ብር ነበር።

በግምቱ ሂሳብ ደግሞ በወር 12,000፣ በዓመት 144,000 ብር ነው። ግማሹ 72,000 ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በጊዜው ሠንጠረዥ ላይ ወደ 20 እና ወደ 25 በመቶ ደረጃ ይወጣ ስለነበር የዓመቱ ግብር 11,220 ብር ይደርስ ነበር። ኪራዩ በእጥፍ ሲገመት ግብሩ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። በአራት ዓመት ልትከፍለው የሚገባት 14,760 ብር ነበር፤ የተጠየቀችው ቅጣትና ወለድ ሳይጨመር 44,880 ብር ነው። በመካከል ያለው 30,120 ብር እሷ ያላገኘችው ኪራይ የወለደው ግብር ነው።

ማመልከቻ ጽፈን ከቅጣቱ ከፊሉ ተነሣላት። ዋናው ዕዳ ግን የአቤቱታው ቀን አልፏል ተብሎ ጸና። ወርቋን ሸጣ ከፈለች። የዕረፍት ጊዜዋም ብድሩ ሳይጠናቀቅ አለቀ። አሁን ያለችው እዚያው ሳዑዲ፣ የሰው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ወፍጮውም አልቆመም።

ሕጉ ምን ይላል

አንዳንድ አባሎቻችን ይህን ሲሰሙ "ድሮስ ዓረብ ሀገር የምትለፋ ልጅ ግብር ምን አላት?" ብለውናል። እኛ በዚህ አንስማማም። ሁለት ነገር መለየት አለብን፤ እዚያ ሠርታ የምታገኘው ደመወዝ አንድ ነገር ነው፤ እዚህ ያለው ቤቷ የሚያስገኘው ኪራይ ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ያለው ኪራይ ግብር አለበት፤ ሊኖርበትም ይገባል። ተከራይዋ በከተማው መንገድ ይሄዳል፣ የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፣ ልጆቹ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። ከጎኗ ቤቷን አከራይታ የምትኖር መበለት እየከፈለች ባለቤቷ ውጭ ስለሆነች ብቻ የሷ ቤት ይቅር አንልም። የምንለው እኩል ትክፈል ነው። ከጎረቤቷ አታንስ፣ አትብለጥም። ባለቤቷ በአካል ስለሌለች ብቻ ግብሩ ሦስት እጥፍ ሲሆን ግን እኩልነት ቀርቷል። አባቶቻችን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ብለዋል።

በውጭ የምታገኘውን ደመወዝ በተመለከተ የአዋጁ አነጋገር ክፍት ነው። አዋጁ በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከየትም ሀገር ባገኘው ገቢ ላይ፣ ነዋሪ ያልሆነ ሰው ግን ከኢትዮጵያ ምንጭ ባገኘው ገቢ ላይ ብቻ ግብር እንደሚከፍል ይደነግጋል። ነዋሪ የሚባለው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀን በላይ በሀገሩ የቆየ ብቻ አይደለም፤ ቋሚ መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነም ነው። እንግዲህ ለሁለት ዓመት ኮንትራት ከእንሴኖ የሄደች፣ ቤቷም ልጇም እዚህ ያሉ ሴት ቋሚ መኖሪያዋ የት ነው? አንዱ ኩዌት ነው ይላል፤ ሌላው መስቃን ነው ሊል ይችላል። መስቃን ነው ከተባለ በሕጉ ፊደል የቤት ሠራተኛነት ደመወዟ ሁሉ ግብር ሊጠየቅበት ይችላል ማለት ነው። በውጭ ሀገር የተከፈለ ግብር እዚህ ይቀነሳል የሚለው አንቀጽም አይጠቅማትም። የባሕረ ሰላጤው ሀገሮች ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር ስለማይወስዱ የምትቀንሰው ነገር የላትም።

ከአባሎቻችን ቤተሰብ በዚህ ምክንያት የተጠየቀች የለችም። ነገር ግን አንድ መብት በሹም ዝምታ ላይ ሲቆም አያስተማምንም። ዛሬ ዝም ያለ ሹም ነገ ሊቀየር ይችላል። በወረቀት ይጻፍልን የምንለው ለዚህ ነው።

ግብር የማይባለው ግብር

ሒሳብ ሠራተኛ የምታውቀው አንድ ነገር አለ፤ ከኪስ የወጣ ገንዘብ ሁሉ ስሙ ግብር ባይሆንም ወጪ ነው። እህቶቻችን ግብር ሳይባል የከፈሉት ከተባለው ይበልጣል።

ትልቁ የምንዛሪው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት ባንኮች ለአንድ ዶላር የሚከፍሉት 57 ብር ገደማ ነበር። ከባንክ ውጭ ያለው ዋጋ ግን የዚያን እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር። አንዲት ልጅ በወር 750 ሪያል ላከች እንበል፤ ይህ 200 ዶላር ነው። ሕግ አክብራ በባንክ ስትልክ እናቷ የምትቀበለው 11,400 ብር ነው። እናትየው ገበያ ወጥታ ዘይትና ስኳር የምትገዛው ግን በባንኩ ዋጋ አይደለም፤ አስመጪው ዶላሩን ባገኘበት ዋጋ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከላከችው ግማሽ ያህሉ በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ይህን የወሰነ የግብር አዋጅ የለም። ደረሰኝ የለውም። አቤት የሚባልበትም ቦታ አልነበረም። ደግሞም ሕግ አክባሪዋን ነው የጎዳው፤ በሕገ ወጥ መንገድ የላከችው አተረፈች። እኛ በሕገ ወጥ መንገድ ላኩ አንልም፤ ገንዘባቸው ተበልቶባቸው ያለቀሱ እናቶችን አይተናል። ግን ሰው ለምን ከባንክ እንደሸሸ ማወቅ ይገባል።

ዛሬ ያ ልዩነት ጠቧል፤ ጥሩ ነው እንላለን። ቢሆንም ገንዘብ አስተላላፊው የሚወስደው ክፍያ አሁንም ትንሹን ላኪ ይበልጥ ይጎዳል። 50 ዶላር የምትልክና 1,000 ዶላር የሚልክ ተቀራራቢ ክፍያ ሲከፍሉ በመቶኛ ስታሰሉት የድሀዋ ይበዛል።

ሁለተኛው ገና ሳትሄድ የምትከፍለው ነው። መደበኛ ፓስፖርት 2,000 ብር የነበረው 5,000 ብር ሆኗል። ይህን ገንዘብ በገበያ ቆጮ ሸጣ የምታጠራቅም እናት ስንት ገበያ እንደምትወጣ ታውቁታላችሁ። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛን፣ የደርሶ መልስ ትኬትን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን፣ የኢንሹራንስንም ወጪ አሠሪው ይክፈል ይላል። ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባትና የልደት ማስረጃ ግን በሠራተኛዋ ላይ ናቸው። አንድ ብር ያላገኘች ልጅ ተበድራ ትጀምራለች። ብድሩን ለመመለስ የመጀመሪያዎቹን ወራት ለሌላ ሰው ትሠራለች።

ሦስተኛው እዚያው የምትከፍለው ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 የተጨማሪ እሴት ታክስ በ5 በመቶ ጀምራ በ2020 ወደ 15 በመቶ አሳድጋለች። ስለዚህ "ዓረብ ሀገር ግብር የለም" የሚባለው ደመወዝ ላይ ነው እንጂ ሳሙናና ቅባት ስትገዛ ትከፍላለች። ለዚያ ክፍያ ጡረታ አይታሰብላትም፤ ምርጫ አትመርጥም፤ ሲያበቃም ወደ ሀገሯ ትሸኛለች።

የሌሎች ሀገሮች መንገድ

በዓለም ላይ ብዙ ሀገሮች ዜጋቸው ውጭ ሲኖር በውጭ ያገኘውን ገቢ አይነኩም። ዜግነትን ብቻ ይዘው የሚከተሉ ጥቂት ናቸው። አሜሪካ አንዷ ናት፤ ዜጋዋ የትም ቢኖር በየዓመቱ ገቢውን ማሳወቅ አለበት። ከደጋፊዎቻችን መካከል የአሜሪካ ዜግነት ይዛችሁ ወደዚህ ተመልሳችሁ የምትኖሩ ይህን ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ይሁን እንጂ እዚያም ቢሆን ከተወሰነ መጠን በታች ያለ የሥራ ገቢ ነጻ የሚሆንበት ሥርዓት አለ።

ጎረቤታችን ኤርትራ በውጭ ካሉ ዜጎቿ ገቢ 2 በመቶ ትጠይቃለች። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 2023 ይህን ገንዘብ በማስፈራራትና በማስገደድ መሰብሰብ እንዲቆም ጠይቋል። ከዚህ የምንማረው የመቶኛው ማነስ ብቻውን ግብርን ፍትሐዊ እንደማያደርገው ነው። የሚጠየቀው ሰው እምቢ ሲል ወይም አቤት ሲል ምን እንደሚደርስበትም መታየት አለበት።

ለእኛ የሚቀርበው የፊሊፒንስ ምሳሌ ነው። ፊሊፒንስም እንደ እኛ ሴቶች ልጆቿን ለቤት ሥራ ወደ ባሕረ ሰላጤው የምትልክ ሀገር ናት። ቀድሞ በውጭ ያገኙትን ታስግብር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ግን በውጭ የሚሠራ ዜጋ ግብር የሚከፍለው ከሀገር ውስጥ ባገኘው ገቢ ላይ ብቻ እንዲሆን በሕግ ጻፈች። ለሠራተኞቿም የጉዞ ታክስን፣ በሚልኩት ገንዘብ ላይ የነበረውንም የቴምብር ቀረጥ አነሣች። እኛ የምንጠይቀው አዲስ ነገር አይደለም ማለት ነው። ተሠርቶበታል፤ ያቺም ሀገር አልፈረሰችም።

የእኛም ጥፋት አለበት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌሎች ነው። ወደ ራሳችን ደጅ ካልመጣን ግን ንግግሩ ግማሽ ይሆናል።

የተመኑት ሰዎች የእህታችንን ውል ለምን አልተቀበሉም? ሄደን ጠየቅናቸው። የመለሱልን መልስ አሳፈረን። "የሚመጣልን ውል ሁሉ ውሸት ነው፤ በ8,000 የተከራየውን በ3,000 ጽፈው ያመጣሉ፤ የትኛውን እንመን?" አሉን። ክርክር አላነሣንም፤ ምክንያቱም እውነት ነው። ከመካከላችንም እንዲህ የጻፈች አለች። እኛም የሂሳብ ሰዎች ሆነን "ምን አገባን" ብለን ያለፍንበት ጊዜ አለ። ዝቅ አድርጎ የጻፈው ሰው በግምት ቢተመንበትም ተከራክሮ፣ ሰው ፈልጎ ይወጣዋል። እውነተኛውን 6,000 የጻፈችው ግን ባሕር ማዶ ስለሆነች የሌላውን ውሸት ዕዳ ከፈለች። ውሸት ውል ስንጽፍ መንግሥትን ብቻ የምንጎዳ ይመስለናል፤ የጎዳነው ጅዳ ያለችውን እህታችንን ነው።

ሌላው ጥፋት የውክልናው ነው። ብዙዎቹ ልጆች ሲሄዱ ለማንም ሕጋዊ ውክልና አይሰጡም። ወንድም ወይም አጎት በቃል "እኔ አለሁ" ይላል። ኪራዩን ይቀበላል። ሐምሌ ሲመጣ ግብሩን ይረሳዋል፤ ወይም ይከፍልና ደረሰኙን ይጥለዋል። ልጅቱ በስልክ ስትጠይቅ "ሁሉ ደኅና ነው" ትባላለች። ዘመድን መጠርጠር ነውር ይመስለናል። ደረሰኝ መጠየቅ መጠርጠር አይደለም፤ ሁለቱንም ወገን ከጠብ ያድናል።

የምንጠይቀው

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከግል ቤት ኪራይ የሚሰበሰበው ግብር የክልል ነው። ስለዚህ የኪራዩ አቤቱታችን የሚቀርበው ለወረዳችን፣ ለከተማችንና ለማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ደመወዝንና ፓስፖርትን የሚመለከተው ደግሞ ለፌዴራል መንግሥት ነው። በዚህ ላይ በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፤ በከተማ ያለ ቤትና ይዞታ ዋጋ እየወጣለት በየዓመቱ ይከፈልበታል ማለት ነው። ባለቤቷ የሌለች ቤት አሁንም በግምት ልትተመን ነው። ስለዚህ ዝም የምንልበት ጊዜ አይደለም። ጥያቄዎቻችን አምስት ናቸው።

አንደኛ፣ በውጭ ሀገር ሠርታ በምታገኘው ደመወዝ ላይ የገቢ ግብር እንደማይጠየቅ፣ ለአጭር ኮንትራት ለሄደችም ጭምር፣ በአዋጅ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የኪራይ ግብር ሲተመን ውሉ ይታይ። ውሉ ካልታመነ ያልታመነበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽ፤ ግምቱም ከየትኞቹ ቤቶች ጋር ተነጻጽሮ እንደተሠራ ይታይ።

ሦስተኛ፣ ባለቤቷ ውጭ ለሆነች ቤት የውሳኔ ማስታወቂያ ለተከራይ መሰጠቱ ይቅር። ለሕጋዊ ወኪሏ ይሰጥ፤ በስልኳም መልእክት ይላክላት። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው፤ ይግባኝ ለማለትም ከሚከራከሩበት ግብር ግማሹን ማስያዝ ግድ ነው። እዚህ ከተማ ላለ ሰው ያጠረ ጊዜ ባሕር ማዶ ላለች ጨርሶ አይበቃም። ቀኑ መቆጠር ያለበት ወረቀቱ በእርግጥ ከደረሳት ቀን ጀምሮ ነው።

አራተኛ፣ በሕጋዊ መንገድ ለቤት ሥራ ለምትሄድ ልጅ የፓስፖርቱ ክፍያ ይቀነስላት፤ ወይም ሥራ ጀምራ ደመወዝ ስታገኝ የምትከፍልበት መንገድ ይፈለግ።

አምስተኛ፣ የንብረት ታክሱ ዋጋ በከተማችን ከመወሰኑ በፊት ይህ ማኅበር ይጠራ፤ ሐሳቡም ይሰማ። ልጅ ሠርታላቸው ያለ ኪራይ የሚኖሩ አሮጊት እናት ገቢ የላቸውም። ቤቱ ዋጋ አወጣ ማለት እሳቸው ገንዘብ አገኙ ማለት አይደለም።

የምንሠራው

ጥያቄ ብቻ ይዘን አንሄድም፤ የእኛን ድርሻ ይዘን ነው የምንሄደው። የሂሳብ ኮሚቴው ከመጪው ወር ጀምሮ ልጇ ወይም እህቷ ውጭ ላለች አባል ሁሉ አንድ አንድ ፋይል ይከፍታል። በፋይሉ ውስጥ የውክልናው ኮፒ፣ የኪራይ ውሉ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የየዓመቱ ደረሰኝ ይኖራል። ውክልና ያልሰጡ ልጆች ባሉበት ሀገር በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል እንዲልኩ የምንጽፈውን ረቂቅ እናዘጋጃለን። ኪራዩ እውነተኛው ይጻፋል፤ ከማኅበራችን በሚወጣ ወረቀት ላይ ሐሰት አይኖርም። መዝገብ የማይዙ አከራዮች ግብር የሚከፍሉበት ጊዜ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት እየዞርን እናስታውሳለን። ማንበብ ለማይችሉ እናቶች ደግሞ አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደጃችሁ ከመጣ በዕለቱ ይዛችሁልን ኑ። አንድ ቀን እንኳ መሶብ ሥር አይደር።

"ሴቶች ተሰብስበው የግብር ሕግ ያስለውጣሉ ወይ?" የሚለን አይጠፋም። አብረን የመጣንበትን መንገድ እናስታውስ። በ1950ዎቹ ከዓለም ገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ሶዶ የሚሄደውን መንገድ ለማሠራት አዲስ አበባ የነበሩ የጉራጌ ልጆች፣ ነጋዴውም ሊስትሮውም፣ ከኪሳቸው አዋጥተዋል። ከሀገር ቤት ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ለሀገር ቤት የከፈሉት ገንዘብ ነበር። ያዋጡት ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ስላዩ ነው። ሰው የሚከፍለውን ካወቀ፣ ደረሰኝ ካገኘ፣ ሥራውን ካየ ለመክፈል አይሰንፍም። የሚያስመርረው በማያውቀው ሂሳብ፣ በሌለበት ሲቆረጥበት ነው።

የቃቄ ውርድወትም ሴቶችን አስከትላ በሽማግሌዎች ፊት ስትቆም ጋብቻና ፍቺ የወንዶች ጉዳይ ነው ይባል ነበር። ዛሬም ግብርና አዋጅ የሴት ጉዳይ አይደለም የሚል አለ። እኛ ደግሞ ቁጥሩን ይዘን እንቀርባለን። 3,690 እና 11,220 የሚሉትን ሁለት ቁጥሮች በማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስፍረናቸዋል።

ማመልከቻው በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ስትወጡ ፈርሙበት፤ መፈረም የማትችሉ በጣት አሻራችሁ አጽኑት። ውጭ ያለች ልጅ ያላችሁ ስሟንና ያለችበትን ሀገር ከእናንተ ስም ጎን አስመዝግቡ። ደጋፊዎቻችንም በየሀገራችሁ ላሉ እህቶች ስለ ውክልናው ንገሩልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ወፍጮ ልታቆም ለነበረችው እህታችን ትናንት ማታ ደውለን ዛሬ ስለ እሷ እንደምንናገር ነገርናት። "ለእኔ አልፏል፤ ከእኔ በኋላ ለሚሠሩት ንገሩላቸው" ብላናለች። አደራዋን አድርሰናል።

ጾማችሁን ይቀበልላችሁ።